መካን

በሀዲያዋ ጊምቢቹ ጓሮ ውስጥ ያለ ፓፓያ ዓመት ሙሉ አብቦ ፍሬ ቢነሳው፣ ባለቤቱ «መካን ነው» ብሎ መጥረቢያ ሊያነሳ ይችላል። ቃሉ ከግእዙ «መከነ» የወጣ ነው፤ ፈንጂ ማምከንም ከዚሁ ነው። በ«መካነ መቃብር» ውስጥ ያለው፣ ቦታ ማለት የሆነው «መካን» ግን በፊደል እንጂ በሥር አይዛመደውም።

አበባው በረጅም ዘለላ የተንጠለጠለው ፓፓያ መካን ሳይሆን ወንዴ ነው። የአበባ ዱቄቱ ለጎረቤት ሴቴዎች ይተርፋል። አለማፍራት ሌላ፣ መምከን ሌላ!

እውነተኛው መካን፣ የሚገርመው፣ ፍሬ የሚሰጠው ሙዝ ነው። የምንበላው ሙዝ በአብዛኛው 33 ክሮሞሶም፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት አለው። የአበባ ዱቄት ሲሠራ ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መለያየት ነበረባቸው፤ ሦስተኛው ተጣማሪ ስለሚያጣ ክፍፍሉ ይዛባል፣ ዱቄቱም ይመክናል። ፍሬው ግን ያለ ዘር ያድጋል። እምብርት ያለው ብርቱካንም እንዲሁ ነው፤ የወንዴ አካሉ ባዶ ነው።

የሀዲያ እንሰት የሙዝ ዘመድ ሆኖ 18 ክሮሞሶሙ በጥንድ ስለሚቆም ዘር መስጠት ይችላል። እኛ ግን ለቆጮው ስንል ብዙውን ጊዜ ሳያፈራ እንቆርጠዋለን።