ማሽላና ዕውቀት በቢዮ አዋሌ

ቢዮ አዋሌ ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች አንዱ ነው። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው፤ የድሬዳዋ ዙሪያ ገበሬ ግን ውሃን እየተመኘ የሚኖረው በማሽላው ነው።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ማሽላን ሲመረምር ማሳው 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ነበረ፤ ድሬዳዋ ከተማ ግን በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚህም የተነሣ በደጋው ብዙ ወራት ቈይቶ የሚያፈራው ዘር ወደ ቆላ ሲወርድ ዝናሙ ይቀድመዋል። ኋላ አጭርና ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ተገኘ። ሆኖም የተመራማሪው ሚዛን በይበልጥ የሚመዝነው ፍሬውን ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን አጥብቆ ይዘራና ቡቃያው ሲያድግ እያሳሳ የነቀለውን ለበሬው ያበላል፤ አገዳውም ከአጨዳ በኋላ ለከብት ቀለብ፥ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይሆናል። ስሙ የገነነው የሐረር ሰንጋ የሚደልበው እንዲህ ባለው መኖ ነው፤ ለእንግዳ ተመልካች ግን አጥብቆ መዝራቱ የዘር ብክነት ይመስለዋል። ስለዚህ ገበሬው አጭሩን ዘር ለመቀበል ቢያመነታ ይህን ከስንፍና መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የአቀንጭራ ነገር ከዚህ ይለያል። ይህ አረም ገና ከመሬት በታች ሳለ የማሽላውን ሥር ስለሚመጥ፥ ገበሬው ጉዳቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። የዓለማያ ተማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አረሙን የሚቋቋም ማሽላ በማስገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የአረሙን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነውና፥ ከተመረጡት ዘሮች ብዙዎቹ ይህን የሚያመነጩት በጥቂቱ ብቻ ነው።