ያረጀች ጥንቸል እግሯ ሲከዳት
በአነስተኛ ገንዘብ ለመንከባከብ የሚረዳ ማስታወሻ፤ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

በአገራችን ጥንቸል የዱር እንስሳ ናት። ገጠር ያደገ ሰው ከቁጥቋጦ ሥር ተፈናጥራ ስትሮጥ ያያታል እንጂ ቤት አስገብቶ አያሳድጋትም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አትብሉ ካላቸው እንስሳት አንዷ ስለሆነችም የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ለምግብ አይፈልጋትም። አሜሪካ ከመጣን በኋላ ግን ልጆቻችን «ጥንቸል ይገዛልኝ» ይላሉ፤ እኛም እንገዛለን። ልጅ አድጎ ኮሌጅ ሲገባ ጥንቸሏ ከወላጅ ጋር ትቀራለች። እኔ ዘንድ ያለችው ዳማም በዚሁ መንገድ የቀረች ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን የኋላ እግሮቿ መድከም ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከወገኖቻችን ጋር ሲወራ ቶሎ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ለእናቴ መድኃኒት ዶላር እየላክሁ ለጥንቸል ሐኪም ልክፈል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ እግሯ የደከመ ጥንቸል ከምትፈልገው አብዛኛው የእጅና የዓይን ሥራ እንጂ የገንዘብ አይደለም። ያለችው ጥቂት ገንዘብ መቀመጥ ያለባት ለሁለት ነገር ነው፤ ለሕመም ማስታገሻና መብላት ላቆመችበት ቀን።

እግር ለምን ይደክማል?

የቤት ጥንቸል ከአገራችን የዱር ጥንቸል የተለየች ዝርያ ናት፤ አመጣጧ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው። በቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች፤ ስድስት ዓመት ካለፋት እንደ አሮጊት ይቆጥሯታል። አጥንቷ ቀላል ነው። የድመት አጽም ከክብደቷ 12 እና 13 በመቶ ያህል ሲሆን የጥንቸል 7 እና 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ግን ብርቱ ስለሆነ፣ ሳይደገፍ አንሥተዋት ብትራገጥ የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች። ሲያነሡ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር ይሁን።

የእግር መድከም ምክንያቱ አንድ አይደለም።

የመገጣጠሚያና የአከርካሪ ብግነት በአሮጊቶች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል። ወደ ሽንት ሳጥኗ መዝለል ትተው ከደጃፉ ትሸናለች፤ ዞራ ጀርባዋን መላስ ያቅታታል።

ኢንሴፋሊቶዞን ኩኒኩሊ የሚባል ጥቃቅን ጥገኛ ተህዋስ አንጎልንና ኩላሊትን ያጠቃል። የኋላ እግርን ያሰንፋል፤ አንዳንዴም አንገትን ያጣምማል። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ፌንቤንዳዞል የተባለውን መድኃኒት ለ28 ቀን ያዝዛሉ።

የእግር መዳፍ ቁስል፣ ከልክ ያለፈ ጥፍርና ውፍረት ደግሞ ራሳቸው እርምጃዋን ያበላሻሉ፤ ሌላ ሕመም ካለም ያብሱታል።

ትናንት ስትሮጥ የነበረች ጥንቸል ዛሬ እግሯን እየጎተተች ካገኟት ግን ነገሩ እርጅና አይደለም። ያው ዕለት ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ሐኪም ፍለጋ በኮሎምበስ

ብዙ ክሊኒኮች የሚያክሙት ውሻና ድመት ብቻ ነው። ስልክ ሲደውሉ «ኤግዞቲክ የሚያክም ሐኪም አላችሁ? በወር ስንት ጥንቸል ያያል?» ብለው ይጠይቁ። በ1988 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ በድረ-ገጹ ላይ ጥንቸል የሚያውቁ ሐኪሞችን በየክፍለ ግዛቱ ይዘረዝራል። እዚሁ ከተማችን በኖርዝ ሃይ ስትሪት ላይ ለጥንቸሎች ብቻ የቆመ ኦሃዮ ሃውስ ራቢት ሬስኪዩ የሚባል መጠለያ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያገለግሉ ሰዎች የትኛው ሐኪም ታጋሽ እንደሆነና ድርቆሽ የት እንደሚረክስ ለመጠየቅ የሚመቹ ናቸው።

ኮሎምበስ የሚኖር ሰው ሌላም ዕድል አለው። በ1885 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው። ኮሌጁ በ2020 ፍራንክ ስታንተን ቬተሪናሪ ስፔክትረም ኦቭ ኬር የተባለ ክሊኒክ ከፍቷል። ከመሄድዎ በፊት ጥንቸል ይቀበሉ እንደሆነ በስልክ ያረጋግጡ። እኔ ግን ከክሊኒኩ ይልቅ ስሙ ውስጥ ያለውን ሐሳብ አጥብቄ እወደዋለሁ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ለአንድ ሕመም አንድ ብቻ ትክክለኛ ሕክምና የለም፤ ከቀላሉና ከርካሹ እስከ ውስብስቡና ውዱ የተደረደረ አማራጭ አለ፤ ሐኪሙና የእንስሳው ባለቤት ተመካክረው ከአቅም ጋር የሚስማማውን ይምረጡ የሚል ነው።

እዚህ ላይ ጠላታችን ይሉኝታ ነው። «ገንዘብ የለኝም» ማለት ያሳፍረናል። ስለዚህ የታዘዘውን ሁሉ እሺ ብለን በክሬዲት ካርድ እንከፍላለን፤ ወይም ሁለተኛ ሳንመለስ እንቀራለን። ሁለቱም ጥንቸሏን አይጠቅምም። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ይበሉ፦ «ዛሬ መክፈል የምችለው ይህን ያህል ነው። በዚህ ገንዘብ ቅድሚያ የሚሰጠው የትኛው ነው?» ግምቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ለምሳሌ ሐኪሙ ብግነት ከጠረጠረ ራጁን አቆይቶ የሕመም ማስታገሻ ለሁለት ሳምንት ሞክሮ ማየት አንድ መንገድ ነው፤ ከተሻላት ብዙ ነገር ታወቀ ማለት ነው። ለዚህ በብዛት የሚታዘዘው ሜሎክሲካም ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኩላሊት የደም ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ማዘዣውን በወረቀት ተቀብሎ ውጭ ካለ ፋርማሲ ዋጋ ማወዳደርም ይቻላል።

ስለ ብድር አንድ ቃል። ብዙ ክሊኒኮች ኬርክሬዲት የሚባለውን ካርድ ይቀበላሉ። «ለጥቂት ወራት ያለ ወለድ» የሚለው ውል በቀነ ገደቡ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ይመጣል። የእንስሳት ኢንሹራንስም አስቀድሞ የነበረን ሕመም በአብዛኛው አይሸፍንም። እኔ የያዝኩት ዘዴ እቁብን የሚመስል ነው፤ በየደሞዙ ጥቂት ዶላር ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ ለአገር ቤት የምልከውን ግን አልነካም።

ወለል፣ ሳጥንና መኝታ

እግሯ የደከመን ጥንቸል ከምንም በላይ የሚጎዳት ልሙጥ ወለል ነው። በእንጨትም በሴራሚክም ላይ እግሮቿ ወደ ጎንና ጎን ይከፈታሉ። ያረጀ የዮጋ ምንጣፍ ወይም ከምንጣፍ ሻጭ የተገኘ ቁራጭ ይበቃል።

የሽንት ሳጥኗን አንድ ጎን እስከ ሁለት ጣት ከፍታ ድረስ ይቁረጡላት። ውስጡ የወረቀት ወይም ለማሞቂያ ምድጃ የሚሸጥ፣ ኬሚካል ያልተጨመረበት የተጠመቀ እንጨት እንክብል ይሁን፤ የዝግባ ፍቅፋቂ አይሁን። ጨርሶ መነሣት ካቃታት ለቡችላ የሚሸጠውን ሽንት መጣጭ ንጣፍ ከታች፣ ፍሊስ ጨርቅ ከላይ ያንጥፉ። ሽንቱ ወደ ታች ያልፋል፤ ላዩ ደረቅ ይሆናል። ጨርቁ ታጥቦ ይመለሳል። በአንድ ጎኗ የምትተኛ ከሆነ በቀን ጥቂት ጊዜ ያገላብጧት፤ አለበለዚያ ቆዳዋ ይቆስላል። ውኃ በጎድጓዳ ሳሕን ይስጧት፤ ከተንጠለጠለ ጠርሙስ ለመጠጣት መንጠራራት ያደክማታል።

የኮሎምበስ ሐምሌ ሙቀትና ወበቅ አለው። ከ80 ፋራናይት በላይ ሲሆን ጥንቸል ትቸገራለች። ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዘው በካልሲ ጠቅልለው ከጎኗ ያስቀምጡ።

መኖ

ከምትበላው እጅግ የሚበዛው የሣር ድርቆሽ መሆን አለበት። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የሚሞርደውም አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰውም ድርቆሹ ነው። ከእንስሳት መደብር በትንሽ ከረጢት መግዛት ውድ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ የቲሞቲ ወይም የኦርቻርድ ሣር እስር መግዛት ይሻላል፤ አንዱ እስር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ ይመዝናል። ለሁለት ለሦስት ቤተሰብ ተካፍሎ በደረቅ ቦታ፣ አየር በሚያስገባ ጨርቅ ማስቀመጥ ነው። ሻጋታ ከሸተተ ይጣል።

ከኩሽናችን ድንብላል ቅጠል፣ በሶብላና ሮሜይን ሰላጣ ይስማሟታል። ጎመን ካልሲየም ስለሚበዛበት በጥቂቱ ይሁን። ጥንቸል ትርፉን ካልሲየም የምታስወግደው በሽንቷ ነው፤ መንቀሳቀስ ያቃታት ደግሞ ፊኛዋ ውስጥ እንደ ጭቃ ሊቋጥር ይችላል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶና ድንች አይሰጥም፤ እንጀራም ዳቦም እንዲሁ።

ጽዳት

ጥንቸል ለስላሳውን በጠጥ ከመቀመጫዋ ተቀብላ መልሳ ትበላለች፤ ይህ ከምግቧ አንዱ ክፍል ነው። ወገቧ የማይታጠፍ ግን አትደርስበትም፤ ይለጠፍባታል። በየማለዳውና በየማታው ከታች ይመልከቷት። መላ አካሏን ውኃ ውስጥ መንከር ያስደነግጣታል፤ ሊገድላትም ይችላል። የቆሸሸውን ቦታ ብቻ ለብ ባለ ውኃ ያጥቡና በደንብ ያድርቁ፤ ቀላል እድፍ ከሆነ ሽታ የሌለው የበቆሎ ስታርች ነስንሶ ማበጠር ይበቃል። ታልክ ፓውደር አይጠቀሙ። በበጋ ወራት ዝንብ በረጠበ ፀጉር ላይ እንቁላል ይጥላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሆኖ ሥጋዋን ይበላል። ትል ካዩ ድንገተኛ አደጋ ነው።

በመሳቢያችን ያለ መርዝ

ይህ ክፍል ለእኛ በተለይ ያስፈልጋል፤ የተረፈ መድኃኒት መጣል አንወድምና። አሞክሲሲሊንም ሆነ ሌላ የፔኒሲሊን ዘር በአፍ ከተሰጣት የአንጀቷን ተህዋስያን አዛብቶ ይገድላታል። ፍሮንትላይን በሚል ስም የሚታወቀው የቁንጫ መድኃኒት ፊፕሮኒል ለጥንቸል መርዝ ነው። የሰው ማስታገሻ በግምት አይሰጥም። የጎረቤት ውሻ ሜሎክሲካምም ልኩ ሌላ ነው።

በአንጻሩ ሊዘለል የማይገባ ክትባት አለ። አርኤችዲቪ ሁለት የሚባለው የጥንቸል ደም አፍሳሽ ቫይረስ በ2018 እ.ኤ.አ. ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ሜዲና ካውንቲ ታይቷል። በ2021 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በአገሩ ውስጥ የተሠራ ክትባት በአስቸኳይ ፈቃድ እንዲሰጥ ፈቅዷል። መጀመሪያ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሰጣል።

መዝገብና የመጨረሻው ውሳኔ

በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ ይመዝኗት። በቀን መቁጠሪያ ላይ በላች? በጠጥ ጣለች? ወደ እርስዎ መጣች? ብለው ምልክት ያድርጉ። 12 ሰዓት ሙሉ ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች አንጀቷ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጥርሷን ጎላ አድርጋ ካፋጨች፣ ጥግ ይዛ ካቀረቀረች ሕመም ላይ ናት።

እግር ማጣት ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም። እየበላች፣ ጆሮዋን እያነሣች፣ ንጹሕ ሆና ብዙ ወራት የምትኖር አለች። ሆኖም መጥፎው ቀን ከደጉ የሚበልጥበት ጊዜ ይመጣል። «እግዜር የሰጠውን እግዜር ይውሰደው» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን መብላት ያቆመች ጥንቸል በሰላም አንቀላፍታ አትሞትም፤ ሆዷ እየተነፋ በሕመም ነው። በቤት እንጠብቅ ማለት ያንን መምረጥ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ በማደንዘዣ አስተኝቶ ቀጥሎ በመርፌ ያሳርፋታል። ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁና ከእቁቧ ላይ ለብቻ ያስቀምጡት፤ በዚያ ቀን ውሳኔውን ገንዘብ እንዳይወስንልዎ። ለኪራይ ቤት ነዋሪ ግቢ መቆፈር ስለማይፈቀድ፣ በጋራ የሚደረገው ማቃጠል ከብቻው ይረክሳል። ልጅዎ ሩቅ ከሆነ ቀኑን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ጥንቸሏን ያመጣት እርሱ ነውና መሰናበት ይገባዋል።