በመስፍኑ ርስት ላይ የሚያልፍ የሕዝብ መንገድ

በእንግሊዝ አገር በደርቢሻየር ከምትገኘው የባዝሎ መንደር ተነሥቶ የዴርወንትን ወንዝ ይዞ ወደ ደቡብ የሚጓዝ እግረኛ፣ በድንጋይ ካብ የታጠሩ የበግ መሰማሪያዎችን ያልፍና ብዙም ሳይርቅ አንድ በር ከፍቶ ወደ ሰፊ የሣር መስክ ይገባል። ይህ የቻትስወርዝ ርስት ነው፤ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የካቨንዲሽ ቤተሰብ፣ ኋላም የዴቮንሻየር መስፍኖች፣ መቀመጫ። ታላቁን ቤት ለመጎብኘት ትኬት መቁረጥ ግድ ነው፤ በመስኩ ለማለፍ ግን የሚከፈል ገንዘብ፣ የሚለመንም ዘበኛ የለም። መሬቱ የባለርስት ሆኖ ሳለ መተላለፊያው የሁሉ የሆነው እንዴት ነው? መልሱ በመስፍኖቹ ቸርነትም ሆነ በአብዮት ውስጥ አይገኝም።

ለእግረኛው ተፈጥሮ መስሎ የሚታየው ገጽታ ራሱ የሰው እጅና የሥልጣን ሥራ ነው። በ1760ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አራተኛው መስፍን እውቁን የመስክ ነዳፊ ላንስሎት ብራውንን ቀጥሮ የቤቱን ዙሪያ ወደ ወንዙ የሚዘረጋ ለምለም ሜዳ አስደረገው። ኤንዘር የተባለችው መንደር ከዚህ ሥዕል ጋር አልተስማማችም። ስድስተኛው መስፍን ከ1838 ጀምሮ ከመንደሯ የቀረውን ከቤቱ ወደማይታይ ስፍራ አዛውሮ በጆሴፍ ፓክስተን እቅድ እንደ አዲስ አሠራው። አዲሶቹ ቤቶች ያማሩና ጠንካራ ናቸው፤ ስፍራቸውን የመረጠው ግን ነዋሪው አልነበረም። ከአሮጌው መንደር ለብቻው የቀረ አንድ ቤት ዛሬም ከመንገዱ ማዶ ይታያል። የአካባቢው ሰው «የናቡቴ የወይን ቦታ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ መጽሐፈ ነገሥትን ላነበበ ሰው ስሙ ማብራሪያ አያሻውም።

የኤንዘር መነሣት ከሰፊው የአገሪቱ ለውጥ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ፓርላማው ከ5,200 በላይ የመሬት መከለያ ሕጎችን አጽድቆ 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ማለትም ከእንግሊዝ መሬት አንድ አምስተኛ የሚበልጠውን፣ ከወል ግጦሽና ከክፍት እርሻ ወደ ታጠረ የግል ይዞታ አዛወረ። ላሙን በወል መሬት ያሰማራ፣ ማገዶውንም ከዚያው ይለቅም የነበረ ድኃ ኑሮው በቀን ሥራ ላይ ብቻ ተንጠለጠለ። የእግር መንገዶችም ከዚሁ ዕጣ አላመለጡም። በ1815 የወጣ ሕግ ሁለት ዳኞች ተስማምተው «አያስፈልግም» ያሉትን መንገድ እንዲያዘጉ ፈቀደ፤ ዳኞቹም በአብዛኛው ከባለርስቱ ወገን ነበሩ።

ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ አንድ ጽኑ መርሕ ነበረው፤ የሕዝብ መንገድ የሆነ ሁሉ፣ በሕግ ካልተዘጋ በቀር፣ ባለመሬቱ ቢለዋወጥም የሕዝብ መንገድ ሆኖ ይኖራል። ባለቤትነትና መተላለፊያ ሁለት የተለያዩ መብቶች ናቸው ማለት ነው። ለዚህ መርሕ ግን ተሟጋች ያስፈልገው ነበር። በ1826 በማንቸስተር የጥንት የእግር መንገዶች ጥበቃ ማኅበር ተቋቁሞ የተዘጉ መንገዶችን በፍርድ ቤት ማስከፈት ያዘ።

የትግሉ ሁለት ገጽ በአንድ ዓመት ታየ። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች እዚያው ደርቢሻየር ውስጥ ወዳለው የኪንደር ስካውት ተራራማ መስክ ያለ ፈቃድ ወጡ፤ መስኩም የዚያው የዴቮንሻየር መስፍን ነበር። አምስቱ ከ2 እስከ 6 ወር ታሰሩ። የተከሰሱት በሁከት ነበር፤ በሰው መሬት ማለፍ በራሱ ወንጀል አልነበረምና። በዚያው ዓመት ፓርላማው ሕዝብ ለ20 ዓመት ሳይከለከልና ፈቃድ ሳይጠይቅ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ እንደ ሆነ እንዲቆጠር ደነገገ። የመጀመሪያው በዘፈንና በመታሰቢያ ሲወሳ ኖረ፤ ሁለተኛው በዝምታ ብዙ በር ከፈተ።

መብቱን ከልማድ ወደ መዝገብ ያሻገረው የ1949 ሕግ ነው። የአውራጃ ምክር ቤቶች የእግር መንገዶችን ሁሉ በይፋዊ ካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ ታዘዙ፤ የአጥቢያ ምክር ቤቶችም መንገዶቹን እየለዩ መረጃ ሰጡ። ካርታው ላይ የሰፈረ መንገድ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ያለ መንገድ አለ። ያልተመዘገበው ግን ስጋት ላይ ወደቀ። በ2000 የወጣ ሕግ ከ1949 በፊት ለነበሩ ያልተመዘገቡ መንገዶች እስከ 2026 ድረስ ቀነ ገደብ ቆረጠ፤ ገደቡ በእንግሊዝ ወደ 2031 ተገፋ፤ በ2024 ማብቂያ ደግሞ መንግሥት ሊሽረው እንዳሰበ አስታወቀ። ለዘመናት የተረገጠ መንገድ ዕድሜው በሚኒስትሮች የቀን መቁጠሪያ ተወሰነ።

በ1965 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ከተሰለፉበት ቀን አንሥቶ እስከ 1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ድረስ፣ የኢትዮጵያ የመሬት ክርክር በአመዛኙ ባለቤቱ ማን ይሁን በሚለው ላይ ያተኮረ ነው። የደርቢሻየር ታሪክ ከጎኑ ሌላ ጥያቄ ያስቀምጣል። ባለቤቱ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ፣ በወል ግጦሹ፣ ወደ ውሃ በሚወስደው መንገድና በከብት መተላለፊያው ላይ ሌላው ሰው ያለው መብት ምንድን ነው? ማንስ መዝግቦ ይይዘዋል? ለመሬት አንድ ባለቤት ሰይሞ ይህን መዝለል፣ አጥር በመጣ ጊዜ ደካማውን ያለ ማስረጃ ያስቀረዋል።

በ2002፣ በኪንደር ስካውት 70ኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ አሥራ አንደኛው መስፍን በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው የሚያስከብራቸው ነው። በቻትስወርዝ ሜዳ ላይ ከሚረገጡት መንገዶች ግን ገሚሶቹ በካርታ የጸኑ መብቶች፣ ገሚሶቹም የባለርስቱ ፈቃድ ናቸው። ሣሩ አንድ ስለሆነ እግረኛው ልዩነቱን አያየውም። የሚያየው ባለርስቱ ሐሳቡን የለወጠ ቀን ነው።