ግንብ ማደስና ስም ማደስ

ጥንታዊ ሕንፃን ማደስ የወደቀውን ድንጋይ መልሶ መካብ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ዘመን ቆሞ እንዲታይ፣ የትኛውስ ፍርስራሽ እንደ ሆነ እንዲቀር መወሰንም ጭምር ነው። ለዚህ አብነት የሚሆነን በአሜሪካ፣ በምዕራብ ቴክሳስ የሚገኘው ፎርት ዴቪስ የተባለ የጦር ሠፈር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሠፈሩ በ1854 የተቋቋመው ከሳን አንቶኒዮ ወደ ኤል ፓሶ የሚያልፈውን መንገድ ከአፓቺና ከኮማንቺ ተዋጊዎች ለመጠበቅ ነበር። ስሙ የተወሰደው ከጊዜው የጦር ሚኒስትር ከጄፈርሰን ዴቪስ ሲሆን፣ እኒሁ ሰው በ1861 ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይሁን እንጂ በእርስ በርሱ ጦርነት ምክንያት ባዶውን የቀረውን ሠፈር በ1867 መልሶ የያዘው፣ ተራ ወታደሮቹ ጥቁሮች የሆኑት 9ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከባርነት ቀንበር ከወጡ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። ነጻ የወጡት ሰዎች በተራቸው አፓቺዎችን ከምድራቸው ለማስለቀቅ መሰለፋቸው የታሪኩ መራራ ገጽታ ነው።

ሠፈሩ በ1891 ተዘጋ። ጥሬ ጡብ ጣሪያውንና ልስኑን ካጣ በዝናም እየሟሟ ወደ አፈርነቱ ስለሚመለስ፣ በ1961 ብሔራዊ የታሪክ ሥፍራ እንዲሆን በሕግ ሲወሰን ብዙው ፈርሶ ነበር። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሁሉንም እንደ አዲስ አልሠራም፤ ዛሬ ጣሪያ ያላቸው 24 ሕንፃዎች ሲቆሙ፣ ከ100 የሚበልጡት በፍርስራሽነትና በመሠረትነት ተጠብቀዋል። ጎብኚው የቆመውን ከጠፋው ለይቶ ያያል።

ከግንቡ ይልቅ ለመታደስ የዘገየው ግን የአንድ ሰው ስም ነው። ባሪያ ሆኖ የተወለደው ሄንሪ ፍሊፐር በ1877 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር መኰንን ነበር። በ1881 በዚሁ ሠፈር የመንግሥት ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። ከማጉደሉ ክስ ነጻ ቢባልም ለመኰንን የማይገባ ተግባር ፈጽመሃል ተብሎ በ1882 ከሠራዊቱ ተባረረ። በ1940 ሲሞት ስሙ አልጠራም ነበር። ሠራዊቱ ስንብቱን ወደ ክብር ስንብት የለወጠው በ1976፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ምሕረት ያደረጉለትም በ1999 ነው።

እንግዲህ ቅርስ ጠጋኝ ከግንቡ ጋር የችሎቱንም መዝገብ መጠበቅ አለበት። መኮንኖቹ የኖሩባቸውን ቤቶች አሳምሮ የፍሊፐርንና የአፓቺዎቹን ታሪክ ያስቀረ ጥገና፣ ልስኑ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ገና አልተፈጸመም።