ሮቤር ባዳንቴር

ሮቤር ባዳንቴር (ማርች 30 ቀን 1928 – ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጠበቃ፣ የሕግ መምህርና የሶሻሊስት ፓርቲ ፖለቲከኛ ነበሩ። ከ1981 እስከ 1986 የፍትሕ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቁት በፈረንሳይ የሞት ቅጣትን ባስቀረው ሕግ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

የተወለዱት ፓሪስ ውስጥ፣ ከቤሳራቢያ ከፈለሱ አይሁዳውያን ወላጆች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊዮን ከተማ ሸሸ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1943 አባታቸው ሲሞን የጌስታፖው ክላውስ ባርቢ ባዘዘው አፈሳ ተይዘው በፖላንድ ወደሚገኘው የሶቢቦር የሞት ካምፕ ተላኩ፤ ከዚያም አልተመለሱም። ሮቤር ከጦርነቱ በኋላ ሕግ ተምረው በ1951 ጠበቃ ሆኑ።

በጥብቅና ሥራ

በ1972 ሮዤ ቦንተም ለተባለ እስረኛ ጥብቅና ቆሙ። ቦንተም ከሌላ እስረኛ ጋር በክሌርቮ ወኅኒ ቤት ታጋቾች ይዞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ታጋቾቹን የገደለው ሌላው መሆኑን ቢቀበልም፣ ሁለቱም በሞት ተቀጡ። ባዳንቴር ደንበኛቸው በጊሎቲን አንገቱ ሲቀላ በስፍራው ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞት ቅጣትን መቃወም ዋና ዓላማቸው ሆነ። በ1977 ሕፃን ገድሎ ለተከሰሰው ፓትሪክ ሄንሪ ሲከራከሩ ወንጀሉን አላስተባበሉም፤ የሞገቱት ቅጣቱን ነበር። ተከሳሹም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

የፍትሕ ሚኒስትር

ፍራንሷ ሚተራን በ1981 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ አብዛኛው ሕዝብ የሞት ቅጣትን እንደሚደግፍ እያወቁ ተቃውሟቸውን በይፋ ተናገሩ። ከተመረጡ በኋላ ባዳንቴርን ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ባዳንቴር ያቀረቡትን ሕግ ብሔራዊ ምክር ቤቱ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1981 በ363 ድምፅ ድጋፍና በ117 ተቃውሞ አጸደቀው። ከቀኝ ክንፍ አባላት ዣክ ሺራክን ጨምሮ ጥቂቶች ደግፈውታል። ሕጉ ኦክቶበር 9 ቀን 1981 ወጣ።

በሚኒስትርነታቸው ዘመን የመንግሥት ደኅንነት ልዩ ፍርድ ቤት ቀረ፤ ግለሰቦችም በአገራቸው ላይ ለአውሮፓ የሰብአዊ መብት ተቋማት አቤት ማለት ቻሉ። የ1985ቱ የትራፊክ አደጋ ተጎጂዎች ካሣ ሕግ እስካሁን በስማቸው ይጠራል።

አቋማቸውና የባርቢ ጉዳይ

ባዳንቴር መንግሥት የወንጀለኛውንም ነፍስ ማጥፋት አይገባውም፣ ስህተት የማይፈጽም ፍርድ ቤትም የለም ብለው ይከራከሩ ነበር። በ1983 ክላውስ ባርቢ ከቦሊቪያ ተይዞ ሲመጣ የፍትሕ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። አባታቸውን ለሞት የዳረገው ሰው በእሳቸው ሕግ ምክንያት ሞት ሊፈረድበት አልቻለም፤ በ1987 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት በ1991 እስር ላይ እያለ ሞተ።

በኋላ ዘመን

ከ1986 እስከ 1995 የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ፕሬዚዳንት፣ ከ1995 እስከ 2011 የሴኔት አባል ነበሩ። በ1991 በዩጎዝላቪያ መፍረስ የተነሡትን የሕግ ጥያቄዎች የመረመረውን የግልግል ኮሚሽን መርተዋል። የሞት ቅጣት ክልከላ በ2007፣ በፕሬዚዳንት ሺራክ ዘመን፣ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ።

ባዳንቴር ያረፉት አባታቸው በተያዙ በ81ኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት ነው። ሕጉ በወጣበት ቀን፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2025፣ አገሪቱ ታላላቅ ሰዎቿን በምታከብርበት በፓሪሱ ፓንቴዮን ክብር ተሰጥቷቸዋል።