ከግብር አዳራሽ እስከ ሥጋ ቤት፦ የጠጅ፣ የወይንና የጥሬ ሥጋ ጥምረት ታሪክ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ግብር፣ ማለትም ንጉሥ ወይም መኳንንት ለሠራዊታቸውና ለአገልጋዮቻቸው በሚያበሉት የጋራ ማዕድ፣ ከምግቡ ጋር ምን እንደሚጠጣ የሚወስነው የተመጋቢው ምላስ ሳይሆን ማዕረጉ ነበር። ታላላቆቹ ከዙፋኑ አጠገብ ተቀምጠው የጠራ ጠጅ ሲጎነጩ፣ ተራ በተራ የሚገባው ጭፍራ ቀጠን ያለውን ጠጅ ወይም ጠላ በቀንድ ዋንጫ ይቀበል ነበር፤ በጥሬው የሚበላው የበሬ ብልትም እንደ መጠጡ በማዕረግ ይደለደል ነበር። ጠጅ የሚቀዳው አሳላፊ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ወደ መዳፉ አንቆርቁሮ በጌታው ፊት ይቀምስ የነበረው ጣዕሙን ለመመዘን ሳይሆን መርዝ እንደሌለበት ለማረጋገጥ ነው።

ይሁን እንጂ በማዕረግ የተደለደለው ማዕድ በጣዕም ረገድም ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ጠጅ በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ውስጥ ከተበረዘ ማር የሚጠመቅ ሲሆን፣ ቅጠሉና እንጨቱ የሚጨመርበት ጌሾ የተባለው ተክል ለመጠጡ መራራነት ይሰጠዋል፤ ይህ መራራነት የጮማውን ስብ ከአፍ ያነሣል፣ የማሩ ጣፋጭነት ደግሞ የሚጥሚጣንና የአዋዜን ማቃጠል ያበርዳል። አዋዜው ራሱ ብዙ ጊዜ በጠጅ ስለሚበጠበጥ፣ ከሥጋው ጋር የሚጠጣው ነገር ቀድሞውኑ በማጥቀሻው ውስጥ አለ ማለት ነው። ነገር ግን በርበሬና ሚጥሚጣ ከአሜሪካ አህጉር የተገኙ ተክሎች ስለሆኑ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ ጠጅ ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ የነበረ በመሆኑ፣ ዛሬ እንደ ጥንታዊ የሚቆጠረው የጣፋጭና የሚያቃጥል ጣዕም ጥምረት ከመጠጡ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር አዲስ ነው።

የወይን ፍሬ መጠጥ ግን ከማዕድ ይልቅ የመቅደስ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው የጉዞ ዘገባ የማር ጠጅም የወይን ጠጅም ተጠቅሷል፤ ሆኖም በቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ከተዘፈዘፈ ዘቢብ የሚጨመቅ ሲሆን፣ በሕዝቡ ገበታ ላይ ወይን ሥር አልሰደደም። ቦታውን ጠጅ ይዞት ነበርና።

የማዕረጉን ሥርዓት የለወጠው የአዲስ አበባ ገበያ ነው። ምግብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ በነበረበት ዘመን እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሆቴላቸውን መክፈታቸው፣ ከዚያም ጠጅ ቤቶች በየሰፈሩ መበራከታቸው፣ ቀድሞ በማዕረግ ብቻ የሚገኘው በገንዘብ እንዲገኝ አደረገ። ጠጪው ደረቅ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ ብሎ በምርጫው ያዛል፤ ደረቅ የሚባለው ማሩ በርትቶ ወደ አልኮል የተለወጠበት፣ ለስላሳው ደግሞ ጣፋጭነቱ ያልጠፋበት ነው። አንገቷ ጠባብ ሆዷ ክብ የሆነችው ብርሌም ከመኳንንቱ ገበታ ወርዳ የነጋዴው፣ የአናጺውና የሹፌሩ መጠጫ ሆነች። ዋጋን ለመቀነስ ሲባል ማሩን በስኳር የመተካት ልማድም ከዚሁ ጋር መጣ፤ ለመጠጡ ትልቅ ጉዳት የሆነው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ስኳር አልኮል ይሰጣል እንጂ የማርን መዓዛ አይሰጥም።

የአገር ውስጥ ወይን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አማካይነት ወደ ከተማው ገበታ ሲገባ፣ ያረፈው ጠጅ ባዘጋጀው ወንበር ላይ ነበር። ደረቁ ቀይ ጉደርና ጣፋጩ አክሱማይት የብዙኃኑ ኪስ የሚችላቸው ሆነው በሥጋ ቤቶች፣ ማለትም ተመጋቢው ሥጋውን ከመስቀያው መርጦ ቁርጥ ወይም ጥብስ በሚያዝባቸው ቤቶች፣ ከጠርሙስ ቢራ ጎን ቆሙ። ቀይ ወይንን በለስላሳ መጠጥ ወይም በአምቦ ውሃ የመቀላቀል ልማድም ተስፋፋ። የወይን ባለሙያዎች ይህን ልማድ ቢነቅፉትም ነቀፋው ተገቢ አይደለም፤ በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ታኒን የተባለው አፍ የሚያጨማድድ ንጥረ ነገር ከሚጥሚጣ ጋር ሲገናኝ ምላስን ያደርቃል፣ አልኮሉም ማቃጠሉን ያብሳል፤ ጥቂት ስኳር ወይም ውሃ ግን ሁለቱንም ያለዝባል። ጠጅ ያሳደገው ምላስ ይህን የሚያውቀው ከልምድ ነው።

በዝዋይ አቅራቢያ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ከሚባሉ የአውሮፓ ዝርያዎች የተጠመቁ ቀይ ወይኖች ወደ ሥጋ ቤቱ ጠረጴዛ ደረሱ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ከቢላዋው፣ ከሚጥሚጣውና ከአዋዜው ጎን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ዛሬም አይታጣም።