ከውሃ የወጣው መስመር

እስቲ ቀረብ በሉና ጆሮ ስጡኝ፤ ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ በአንድ ሱሪ ምክንያት ነው። ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ሱሪ ነበር። ጉልበቱ ሳስቷል፣ የወገቡ ገበር ተተርትሯል፣ አንድ ቁልፉ የለም። ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርደው የካውያ መስመር ግን አሁን የተተኮሰ ይመስል ቀጥ ብሎ ይታያል። እኔ ዕድሜዬን በመቀስና በካውያ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ መስመር ከዚያ በፊት አላየሁም።

ጊዜው ኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው። ቦታው መንደር 8፣ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት። በጥቅምት መገባደጃ የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ሰው ያገኘውን አንጠልጥሎ ወደ ድንበር ፈሰሰ። በሑመራ በኩል ያለው ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሐምዳይት ገባ፤ በማይካድራ በኩል ያለው በሉግዲ ወጣ። ወሩ ሳይሞላ ከ40,000 ሰው በላይ ሱዳን ገባ። ከሉግዲ የመጣውን የተቀበለችው መንደር 8 ናት። መንደሯ የተሠራችው በአትባራና በሰቲት ላይ በተገደበው ውሃ ምክንያት ከቀያቸው ለተነሱ ሰዎች ነበር። ሰቲት ማለት ደግሞ የኛው ተከዜ ነው፤ ድንበሩን ሲያልፍ ስሙን ይቀይራል። አንዱን ውሃ አፈናቅሎት በተሠራለት ቤት ሌላው ከእሳት ሸሽቶ ተጠለለ።

እኔ ያኔ ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ በአንዲት ሲንጀር እንጀራዬን የምበላ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የአገሬ ሰው በአንድ ቀሚስ፣ በአንድ ነጠላ መጣ ሲባል መቀመጥ አቃተኝ። የገዳሪፍ ሱዳኖች ዳቦና ፉል በመኪና ጭነው ሲሄዱ እኔም መኪናዬን፣ የልብስ ስፌቷን ማለቴ ነው፣ ከዳቦው መሐል አስቀምጬ አብሬ ሄድኩ። በአንድ ጎጆ ግድግዳ ጥላ ሥር ዘረጋኋት። የከሰል ካውያዬንም ይዤ ነበር። ሰው ካውያ ለምን እንደያዝኩ ጠይቆኛል። በሩጫ ለመጣ ሰው የተተኮሰ ልብስ ምን ያደርግለታል? ባየሁት ልመልስ፦ ለስም ምዝገባ ሰልፍ ከመሄዱ በፊት ሸሚዙን ይዞ ወደ እኔ የመጣው ሰው ቀዳዳ ሊያስጠቅም ከመጣው አያንስም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጡ። ሱሪውን በክንዳቸው ላይ አድርገውታል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«ልጄ፣ ገበሩን ጠቅምልኝ። ስትተኩሰው ደግሞ መስመሩን እንዳታዛንፍብኝ።»

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «ሱፍ እኮ እንዲህ ውሃ ከጠጣ መስመሩን ይለቃል። ይድረቅና አዲስ አወጣለታለሁ።»

«ይሄ አይለቅም። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ መሰለህ? ገመድ ላይ ጣለውና እይ።»

ገመድ ላይ ጣልኩት። የኅዳር ነፋስና የገዳሪፍ ፀሐይ ሁለት ሰዓትም አላቆዩት። ጨርቁ እየደረቀ ሲሄድ፣ እንደ ደብዛዛ ጥላ ብቻ ይታይ የነበረው መስመር ራሱን እየሰበሰበ፣ ጠርዙን እያሾለ ተመለሰ። ካውያ አልነካውም። ጣቴን አስኬድኩበት፤ ስለታም ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጨርቁን ነው። ቴትሮን ይሆናል አልኩ። ቴትሮን አገራችን ሲገባ ወጣቱን ሁሉ ያሸነፈው ለዚህ ነበር፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይለበሳል። ቴትሮን የፖሊስተር ጨርቅ ነው፤ ክሩን እንግሊዞቹ ዊንፊልድና ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1941 አወጡት፤ በከፍተኛ ሙቀት ሲታጠፍ ፕላስቲክ እንደመሆኑ እጥፋቱን ይዞ ይቀራል። የዛሬ ተማሪ የምትለብሰው ሽንሽን ጉርድም የሚቆመው በዚሁ ነው። እኛ ልብስ ሰፊዎች ሱፍን ከፖሊስተር የምንለይበት አንድ ፈተና አለን። ከእጥፉ ውስጥ አንዲት ክር መዘዝኩና ክብሪት ጫርኩባት። ፖሊስተር ቢሆን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክር ነበር። ይህ ግን ተንጨረጨረ፣ በጣቴ ስጫነው እንደ አመድ ተፈረፈረ፣ ሽታውም የተቃጠለ ፀጉር ሆነ። እውነተኛ የበግ ፀጉር ነው!

አሁን ወደ ጎንደር መልሼ ልውሰዳችሁ፤ ግርምቴ እንዲገባችሁ። ሙያውን የለመድኩት ፒያሳ ነው፣ በአንድ ጋሼ እጅ። ጋሼ የሱፍ ሱሪ ሲተኩሱ ካውያውን በቀጥታ አያሳርፉም፤ ጨርቁ ይብለጨለጫልና። የራሰ ነጭ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ካውያውን ይጭኑበታል፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን ይሸፍነዋል። ከዚያ ካውያውን አንስተው ለስላሳ ጣውላ በእጥፋቱ ላይ ይጫኑበትና «እስኪበርድ አትንካው!» ይላሉ። ይህችን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ እሰማት ነበር። ሠርገኛ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ሳሙና አንስተው በእጥፋቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀጭኑ ያሹና ይተኩሱታል፤ ሳሙናው ሁለቱን ገጽ ያያይዘዋል። ደንበኛውም ቤቱ ወስዶ ፍራሽ ሥር ያስተኛዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም የሐምሌ ዝናብ አንድ ጊዜ ሲወርድበት ያ ሁሉ ድካም ይሄዳል፤ ሱሪው እንደ ጆንያ ይንዘላዘላል። ጋሼ ያን ሲያዩ ያዝኑ ነበር። የሠሩት ሥራ በማግስቱ ሲፈርስ ማየት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሠራው ነው።

እና በሽማግሌው ሱሪ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ጋሼን ነው። ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ምላሹን ያገኘሁት ከዚያው ከመንደር 8 ነው። ከስደተኞቹ መሐል ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ነበር፤ ኮቱን ሊያስጠቅም መጥቶ ክሩን ሳቃጥል አየኝ። ሽታውን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ ከመጣ ጀምሮ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ብዙም አልተናገረም፤ ወደ ጎረቤቱ ጎጆ በራፍ ጠቆመኝ። አንዲት እናት የልጇን ሹሩባ ትፈታለች። ፀጉሩ ከጉንጉኑ ሲወጣ ቀጥ አላለም፣ እንደ ጅረት ውሃ ተጠማዞ ቀረ።

«ያ መጠማዘዝ መቼ ይጠፋል?» አለኝ።

«ስትታጠብ።»

«የጋሼህ መስመርም የሚጠፋው በዚያው ምክንያት ነው። ፀጉርና ሱፍ አንድ ናቸው።»

ከዚያ የነገረኝን እኔ በገባኝ ቋንቋ ልንገራችሁ። የሰው ፀጉርም የበግ ፀጉርም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ውስጡ ረጃጅም ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው በዋናነት ሁለት ዓይነት ማሰሪያ ነው። አንደኛው የሃይድሮጅን ማሰሪያ ነው፤ ብዙ ነው፣ ግን ደካማ፤ ውሃና ሙቀት ይፈታዋል፣ ሲደርቅና ሲበርድ መልሶ ይቋጠራል። ሹሩባውን የያዘው እሱ ነው። ጋሼ «እስኪበርድ አትንካው» የሚሉትም፣ ስሙን ባያውቁትም፣ ይህ ማሰሪያ በአዲሱ ቦታው እስኪቋጠር ነው። ሁለተኛው ማሰሪያ የሰልፈር ድልድይ ነው፤ ሁለት የሰልፈር አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱን ሰንሰለት ከሌላው ያጠብቁታል። ከሱፍ ክብደት ከመቶ ከ3 እስከ 4 እጅ ሰልፈር ነው፤ ሲቃጠል የሚሸተንም በከፊል እሱ ነው። ይህን ድልድይ ተራ ውሃ አይፈታውም። እና የጋሼ ካውያ ደካማውን ማሰሪያ ሲያዛውር ጠንካራው በድሮው ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብ ሲመጣ ደካማው ይለቃል፣ ጠንካራው ጨርቁን ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይጎትተዋል። ይኸው ነው የሐምሌ ምሥጢር።

መስመር እንዲጸና ካስፈለገ እንግዲህ ጠንካራውን ድልድይ ራሱን መፍታትና በአዲሱ እጥፋት ላይ መልሶ ማሠር ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ሊድስ ዩኒቨርሲቲ አስትበሪ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፀጉርና ሱፍ ሲለጠጡ ውስጣቸው እንዴት እንደሚለወጥ በኤክስሬይ አሳየ፤ እዚያው የነበረው ስፒክማን ደግሞ የሰልፈሩ ድልድይ ተፈትቶ ሲቋጠር ቅርጹ እንደሚጸና መረመረ። የጸና የሚባለውም የፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት ውስጥ አንድ ሰዓት ቆይቶ ያልለቀቀው ነው። የፀጉር ቤቶች ይህን ቀድመው ተጠቀሙበት። ሴቶች ፐርም ሲደረጉ የሚቀባው፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ያለው ፈሳሽ አሞኒየም ታዮግላይኮሌት ይባላል፤ ሥራው የሰልፈሩን ድልድይ መፍታት ነው፤ ፀጉሩ በጥቅሉ እንዳለ ሁለተኛው ፈሳሽ ሲፈስበት ድልድዩ በአዲሱ ጥቅል ላይ ይታሠራል።

ያንን ከፀጉር ቤት ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ያመጡት አውስትራሊያዎች ናቸው። አገራቸው በበግ ፀጉር የከበረች ናት፤ ፖሊስተር መጥቶ ገበያውን ሲቀማቸው ሥጋት ያዛቸው። ጂሎንግ በተባለች ከተማ፣ በመንግሥታቸው የሳይንስ ምርምር ድርጅት ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. ውስጥ የሚሠራ አርተር ፋርንዎርዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሮሴት የተባለውን ዘዴ አወጣ። ያለቀለት ሱሪ ወይም ሽንሽን ቀሚስ ላይ በእጥፋቱ ልክ ፈሳሹን ይረጩታል፤ ከዚያ ጨርቁ እርጥብ እንዳለ በእንፋሎት መተኮሻ ይጫኑታል። ቢበዛ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መጀመሪያ የተጠቀሙበት የፐርሙን ዓይነት ኬሚካል ነበር፤ ኋላ ሽታው ቀለል ወዳለው ወደ ባይሰልፋይት ዓይነት ዞሩ። ልብ በሉ፣ ከጋሼ ሥራ የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃው አለ፣ እንፋሎቱ አለ፣ ጭነቱ አለ፣ ማቀዝቀዙም አለ። ጋሼ የጎደላቸው በውሃው ውስጥ የሚሟሟ ጥቂት ጨው ነበር። በሳሙናቸውም ቢሆን አልተሳሳቱም፤ ዛሬ በውጭ አገር በእጥፋቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀጭን የሲሊኮን መስመር የሚያፈስሱበት ዘዴ አለ፣ ሐሳቡ ከደረቁ ሳሙና ጋር ያው ነው፤ ሳሙና ግን ይታጠባል፣ ሲሊኮን አይታጠብም።

ይህን የሰማ ልብስ ሰፊ ነገ ባይሰልፋይት ፍለጋ እንዳይወጣ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህ ጨው ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደረትን የሚያንቅ የሰልፈር ጋዝ ይለቃል፤ አስም ላለበት ሰው ክፉ ነው። አሮጌ መስመር ለማጥፋት ኮምጣጤ የሚያርከፈክፍ ባለሙያ ሁለቱን በአንድ ጠባብ ክፍል ቢያገናኝ ራሱን ይጎዳል። መጠኑ ከበዛም ሱፉ ራሱ ይደክማል፤ የተፈታው ድልድይ ሁሉ አይመለስምና። ደግሞም የተሳሳተ መስመር በዚህ ዘዴ ከወጣ እንደ ድሮው በእርጥብ ጨርቅ አይሰረዝም፤ መለኪያው ሁለት ጊዜ፣ ፈሳሹ አንድ ጊዜ ነው።

ሽማግሌውን ሱሪውን ከየት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው። ከሰልባጅ ክምር ነው የገዙት፣ ሑመራ። በየትኛው አገር እንደተሰፋ የሚናገረው ጨርቅ ተቀድዶ ወጥቷል። ምን እንደተረጨበት የሚመሰክር ወረቀት የለም፤ ምስክሩ ከገመድ ላይ የተመለሰው መስመር ነው። ለልጃቸው ሠርግ ገዙት፤ ኮቱን ከሌላ ክምር አግኝተው በቀለም አጋጠሙት። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ «ማን ሰፋልህ?» እያለ ጠየቃቸው።

«ኮቱስ?» አልኳቸው።

«በር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሱሪው ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር፤ ስወጣ እጄ የገባው እሱ ነው።»

ገበሩን ጠቀምኩላቸው፣ ቁልፍ ተከልኩላቸው። ካውያውን ግን አላሳረፍኩበትም፤ አስፈላጊ አልነበረም፣ እጄም አልታዘዘኝም። ይልቅ ጠርዙን በጣቶቼ መሐል ይዤ ወደ ብርሃን ዘረጋሁትና ጋሼ ሥራ ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት በአንድ ዓይኔ አየሁት። ከወገብ እስከ እግር አንድ ክር አልዛነፈም።

ከቀናት በኋላ አውቶብሶች መጡ። የመንደር 8ን ሰው ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ኡም ራኩባ ሊያዛውሩ ነው። ብዙው ሰው ስሙን የሰማው ገና ያኔ ነበር። ሽማግሌው ግን ያውቁታል፤ በ1977ቱ ድርቅ ጎረምሳ ሆነው እዚያው ካምፕ ከርመው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ይህን የነገሩኝ ሰልፉ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው።

ያን ዕለት ሱሪውን ለብሰውት ነበር። በላዩ የሌላ ሰው ሹራብ አድርገዋል፣ እግራቸው ላይ የጎማ ጫማ ነበር። አቧራው እስከ ጉልበታቸው ወጥቶ ጨርቁን አመድ አስመስሎታል፤ አመዱን ሁለት ቦታ ከፍሎት የሚወርደው መስመር ብቻ ይታያል። ተራቸው ሲደርስ የአውቶብሱን ብረት ይዘው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳረፉ፣ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ጉልበታቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና ገቡ።